ችክችካን ለማጀቢያ ሶፍትዌር፦ የራስን የከበሮ ፓተርን አሠራር

ከማጀቢያ ኪቦርድ ወይም ከኮምፒውተር ማጀቢያ ሶፍትዌር ጋር አብረው የሚመጡት ስታይሎች (የተዘጋጁ የማጀቢያ ሪትሞች) ባብዛኛው ፖፕ፣ ሮክ፣ ቦሳ ኖቫ፣ ዋልዝና የዳንስ ሙዚቃ ናቸው። የችክችካ ዘፈን ማጀብ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ 6/8 የተባለውን የውጭ ባላድ አፍጥኖ ሊጠቀምበት ይሞክራል። ቆጠራው ይገጥማል፤ ጠባዩ ግን ባዕድ ይሆናል። ስኔሩ (ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ) ይከብዳል፣ ሃይሃቱ (ጥንዱ ጸናጽል) ስድስቱንም ምት እኩል ይመታል፣ ትከሻ የሚያነሳው «ችክ-ካ» የለም። ፓተርኑን (እየተደጋገመ የሚዞረውን የምቶች ቅርጽ) ራስ መሥራት ይሻላል። ሥራው ጥቂት ቁጥሮችን ማወቅና ጆሮን ማመን ይጠይቃል። ቆጠራውና ፍጥነቱ በትክክል ከተያዙ ሌላው ስህተት ሁሉ በደቂቃዎች ይታረማል፤ እነሱ ከተሳቱ ግን ድምፅ መቀያየር አያድነውም።

ምሳሌው የሚሠራው ሃይድሮጅን በተባለው ነጻ የከበሮ ፕሮግራም ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል። ቁጥሮቹ የሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ቋንቋ) ቁጥሮች ስለሆኑ ለያማሃ ኪቦርድ የስታይል መሥሪያም ሆነ ለሌላ የማጀቢያ ፕሮግራም እንዳሉ ያገለግላሉ።

ቆጠራው

ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። እግር የሚወድቀው አንድ ላይና አራት ላይ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ትልልቅ ምቶች መካከል ሦስት ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ። ሃይሃቱ ወይም ጭብጨባው ከሦስቱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ሲይዝ ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር የሚለው አካሄድ ይመጣል። ችክችካን ችክችካ የሚያደርገው ይህ ነው።

ከዚህ ሌላ ከሥር የሚሄድ ሁለተኛ አቆጣጠር አለ። ያንኑ ስድስት ምት በሁለት በሁለት ከፍለው አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ላይ ቢያጨበጭቡ፣ እግርዎ ሁለት ጊዜ በሚወድቅበት ባር (አንድ ሙሉ የስድስት ዙር) ውስጥ እጅዎ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። ጥሩ ከበሮ መቺ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ይመላለሳል። ፓተርኑ አንዱን ብቻ ከያዘ ለአንድ ደቂቃ ደስ ይልና ከዚያ ማሰልቸት ይጀምራል።

ሶፍትዌሩን ከመክፈትዎ በፊት ሊያጅቡት የፈለጉትን ዘፈን አጫውተው በእግርዎ ይከተሉ። በሁለት የእግር ምቶች መካከል ሦስት ፈጣን የጣት ምት እኩል ከገባ ዘፈኑ በስድስት ነው። ሁለት ወይም አራት ከገባ ችክችካ አይደለም፤ ይህን ፓተርን ለእሱ አያስገድዱት። «አንድ» የት እንደሆነ ከጠፋዎት ዘፋኙን ትተው ቤዙን ያድምጡ። ኮርዱ ሲቀየር ቤዙ አዲሱን ኖት የሚይዝበት ቦታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ላይ ነው።

ፍጥነቱ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

የእግርዎን ምት ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። 30 ምት ከቆጠሩ በደቂቃ 120 ነው። አሁን 120ን እንዳለ ሶፍትዌሩ ውስጥ ካስገቡ ሙዚቃው ሊንፏቀቅ ነው። ምክንያቱም አብዛኛው ሶፍትዌር፣ ሃይድሮጅንን ጨምሮ፣ ቴምፖ የሚለካው በሩብ ኖት ነው። ሩብ ኖት ደግሞ ሁለት ስምንተኛ (ሁለት ትንንሽ ምት) ብቻ ሲይዝ የእርስዎ እግር በየሦስቱ ስምንተኛ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ የእግሩን ቁጥር በ1.5 ያባዙ፦ 120 × 1.5 = 180። የሚያስገቡት 180 ነው።

አንዳንድ ፕሮግራሞች ባሩን እንደ ስድስት ሙሉ ቢት ይቆጥሩታል። በዚያ ጊዜ እያንዳንዷ ትንሽ ምት አንድ ቢት ስለምትሆን በ3 ይባዛል፣ 360 ማለት ነው። ሦስት ቁጥሮች፣ አንድ ፍጥነት። የትኛውን እንደሚጠቀም ለማወቅ ሜትሮኖሙን ብቻውን ከፍተው በአንድ ባር ስንት ጊዜ እንደሚመታ ይቁጠሩ።

በሃይድሮጅን ውስጥ አዲስ ፓተርን ከፍተው መጠኑን 6/8 ያድርጉ፤ የግሪዱን (ምቶቹ የሚቀመጡባቸውን መስመሮች) ዝርዝር ደግሞ 8 ላይ ያቁሙ። ስድስት ቋሚ መስመሮች ብቻ መታየት አለባቸው። ስምንት ከታዩ ፓተርኑ አሁንም 4/4 ነው ማለት ነው። ሁለት ባር ለመሥራት መጠኑን 12/8 ማድረግ ወይም ሁለት የተለያዩ ፓተርኖች ሠርቶ በሶንግ ኤዲተር ማከታተል ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ በኋላ አንዱን ባር ብቻ መቀየር ሲያስፈልግ ሌላው አይነካም።

የድምፅ ምርጫ

በጀነራል ሚዲ አሠራር እያንዳንዱ የከበሮ ድምፅ የራሱ የኖት ቁጥር አለው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ ኪክ (በእግር የሚመታው ወፍራም ከበሮ) 36፣ ሳይድ ስቲክ 37፣ ስኔር 38፣ ክላፕ 39፣ የተዘጋ ሃይሃት 42፣ ክፍት ሃይሃት 46፣ ክራሽ 49፣ ታምቡሪን 54፣ ወፍራም ኮንጋ 64፣ የታፈነ ቀጭን ኮንጋ 62። ሼከር 82 ላይ ነው፤ የመጀመሪያው የጀነራል ሚዲ ዝርዝር ግን 81 ላይ ስለሚያበቃ በአሮጌ ኪቦርድ ላይ 82 ዝም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ማራካስ 70 ይጠቀሙ።

ሁልጊዜ በቁጥር ይሥሩ፣ በኖት ስም አይመኑ። ቁጥር 60ን ያማሃ ሲ3 ብሎ ሲጠራው ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ሲ4 ይሉታል። ስሙን ይዞ የተከተለ ሰው ፓተርኑ በሙሉ በ12 ኖት ይዛነፍበትና ኪኩ ለምሳሌ ቶም (48) ሆኖ ይጠብቀዋል።

ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። በተለመደው የድምፅ ስብስብ ውስጥ የሰፊውን ቦታ ኮንጋ 64፣ የጠባቡን ደግሞ 62 ይሸፍናሉ። ፍጹም ምትክ አይደሉም፤ ቆዳውም አመታቱም ሌላ ነው። እውነተኛ ከበሮ የሚያገኝ ሰው ቢቀዳ ብዙ ያተርፋል። ሰፊውን ፊት ክፍት፣ ሰፊውን ታፍኖ፣ ጠባቡን ክፍት አድርገው፣ እያንዳንዱን በሦስት ጉልበት (ቀስ፣ መካከለኛ፣ ኃይለኛ) ይቅዱ። ሞኖ፣ 44100 ኸርዝ፣ ዌቭ ፋይል ይበቃል። በሃይድሮጅን የኢንስትሩመንት ኤዲተር ውስጥ ሦስቱን ቅጂዎች በሦስት ሌየር አስገብተው የጉልበት ክልል ይስጧቸው፦ ቀሱን ከ0 እስከ 0.4፣ መካከለኛውን እስከ 0.75፣ ኃይለኛውን እስከ 1።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይሥሩ። ከእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ ያለውን ዝምታ ቆርጠው ያውጡ፣ ድምፁ ከፋይሉ የመጀመሪያ ቅጽበት ይጀምር። በዚህ ፍጥነት አንዷ ትንሽ ምት 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ናት። 20 ሚሊሰከንድ ዝምታ ከፊቱ የቀረው ከበሮ በግሪዱ ላይ ቦታው ትክክል መስሎ እየታየ ከኪኩ ኋላ ይጎተታል። ሰው ይህን ሲሰማ ኖቶቹን ወደ ግራ መግፋት ይጀምራል፤ ችግሩ ግን ፋይሉ ውስጥ ነው።

ምቶቹን ማስቀመጥ

ችክችካ አንድ ቅርጽ ብቻ የለውም፤ ከዘፈን ዘፈን፣ ከመቺ መቺ ይለያያል። የሚከተለው ሠርቶ የሚሄድ መነሻ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ቦታው (ከ1 እስከ 6)፣ ሁለተኛው የምቱ ጉልበት ከ127 ነው።

አንደኛ ባር
ኪክ (36)፦ 1 ላይ 112፣ 4 ላይ 94
ሃይሃት (42)፦ 1 ላይ 84፣ 3 ላይ 56፣ 4 ላይ 78፣ 6 ላይ 60
ሰፊው ፊት (64)፦ 1 ላይ 100፣ 4 ላይ 86
ጠባቡ ፊት (62)፦ 3 ላይ 70፣ 6 ላይ 82
ክላፕ (39)፦ 4 ላይ 66

ሁለተኛ ባር
ኪክ፦ 1 ላይ 108፣ 4 ላይ 94፣ 6 ላይ 58
ሃይሃት፦ እንደ አንደኛው
ሰፊው ፊት፦ 1 ላይ 98፣ 3 ላይ 74፣ 5 ላይ 88
ጠባቡ ፊት፦ 6 ላይ 80 ብቻ
ክላፕ፦ 4 ላይ 66

በሁለተኛው ባር ሰፊው ፊት 1፣ 3፣ 5 ላይ መውደቁን ይመልከቱ። ኪኩ አሁንም በሁለት እየሄደ ከበሮው በሦስት ይከፍለዋል፤ ከላይ የተነሳው ሁለተኛ አቆጣጠር ይህ ነው። ጠባቡ ፊት 3 ላይ ዝም ያለው ቦታውን ሰፊው ስለወሰደው ነው። አንድ ሰው በሁለት እጁ የሚመታውን ከበሮ እየጻፉ ስለሆነ ሁለት እጅ የማይችለውን ነገር አይጻፉበት። 6 ላይ ያለችው ቀሰስ ያለች ኪክ ወደ ቀጣዩ አንድ የምታንደረድር ናት። ከ65 በላይ ካጠነከሯት ጆሮ እሷን «አንድ» ብሎ ይይዛትና ሙዚቃው የተንሸራተተ ይመስላል።

ሃይድሮጅን ጉልበትን ከ0 እስከ 1 ነው የሚያሳየው። ለመለወጥ ለ127 ያካፍሉ፦ 112 ማለት 0.88፣ 84 ማለት 0.66፣ 56 ማለት 0.44። ከፓተርኑ ግርጌ ያሉት ቋሚ ዘንጎች ጉልበቱን ያሳያሉ፤ ማውሱን በላያቸው አድርገው በጎማው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ የሃይሃቱን ብቻ ያስተካክሉ። 1 እና 4 ከ3 እና 6 በግልጽ መብለጥ አለባቸው፤ አራቱም እኩል ከሆኑ «ችክ-ካ» መባሉ ቀርቶ የስፌት መኪና ይሆናል። ፕሮግራሙ ለአዲስ ኖት ሁሉ ያው አንድ ጉልበት ስለሚሰጥ ካልነኩት የሚወጣው ይህ ነው።

የኖቱ ርዝመት ለከበሮ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ድምፁ አንዴ ከተመታ ራሱ ያበቃል። ሆኖም ዜሮ ርዝመት ያለውን ኖት የሚጥሉ ፕሮግራሞች ስላሉ ሚዲ ፋይል ሲያዘጋጁ ከ60 እስከ 120 ቲክ (ፕሮግራሙ ጊዜን የሚለካባት ትንሿ አሃድ) ይስጡት።

በቲክ ለሚሠሩ

ቁጥር በእጅ የሚያስገቡ ወይም የሚዲ ፋይል ዝርዝር የሚያርሙ ከሆነ ቦታው በቲክ ይገለጻል። አንድ ሩብ ኖት 480 ቲክ በሆነበት ፕሮግራም ስምንተኛው 240፣ የ6/8 ባር 1440 ነው። ስድስቱ ቦታዎች 0፣ 240፣ 480፣ 720፣ 960 እና 1200 ይሆናሉ፤ ሁለተኛው ባር ከ1440 ይጀምራል። ሃይድሮጅን ራሱ ሩቡን በ48 ስለሚከፍል እዚያ ውስጥ ባሩ 144 ነው። የያማሃ ስታይል ፋይል በሩብ 1920 ስለሚሠራ ባሩ 5760 ይሆናል። ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ማባዛቱን ፕሮግራሙ ራሱ ይሠራዋል፤ እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ስህተት ሲፈልጉ የሚያነቡት ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ነው።

እያንዳንዱን ምት በጽሑፍ የሚያስገቡበት ፕሮግራምም አለ፤ ኤምኤምኤ የሚባለው የታወቀ ነው። እዚያ አንድ ምት ሦስት ቁጥር ነው፦ የት ቢት ላይ፣ ምን ያህል ቆይቶ፣ በምን ጉልበት። ባሩ ስድስት ቢት ተብሎ ሲሰጥ የአንደኛው ባር ኪክ «1 0 112; 4 0 94» ተብሎ ይጻፋል፤ ቴምፖው 360 ነው። ለእያንዳንዱ የከበሮ ድምፅ የራሱን ትራክ ይክፈቱ፤ አንዱን ማጥፋትና መቀነስ የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ነው። ሦስተኛው ቁጥር በትራኩ የድምፅ መጠን እየተመዘነ ስለሚወጣ 112 ብለው የጻፉት በሚዲ ፋይሉ ውስጥ ሌላ ቁጥር ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ። ዋናው በምቶቹ መካከል ያለው ልዩነት መጠበቁ ነው።

6/8 የማይቀበል መሣሪያ ከሆነ

በ4/4 ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ኪቦርዶችና የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። በእነሱ ላይ ሁለቱን የ6/8 ባሮች በአንድ የ4/4 ባር ውስጥ በትሪፕሌት (አንዱን ምት ለሦስት እኩል በመክፈል) ይጻፉ። ግሪዱን 8 ትሪፕሌት ላይ ያድርጉ፤ 12 ቦታ ይወጣል። በ480 ቲክ አሠራር አንዱ ቦታ 160 ቲክ ነው፦ የአንደኛው ባር 1፣ 3፣ 4፣ 6 ወደ 0፣ 320፣ 480፣ 800 ይዞራሉ። ሁለተኛው ባር 960 ላይ ይጀምራል። ቴምፖው በዚህ ጊዜ በ1.5 አይባዛም፤ የእግሩ ምት ራሱ፣ 120፣ ይገባል።

ይህ ዘዴ ዋጋ ያስከፍላል። የመሣሪያው አንድ ባር የዘፈኑ ሁለት ባር ስለሆነ ፊል (ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሸጋግር አጭር የከበሮ ምት) ሲጫኑ ሁለት ባር ሙሉ ይሄዳል፣ የኮርድ ዝርዝር ሲጽፉም በግማሽ ባር ማሰብ ግድ ይላል። አማራጭ እስካለ 6/8 ይሻላል።

ስዊንግ፣ ኳንታይዝ፣ ሂውማናይዝ

ስዊንግን ዜሮ ያድርጉት። ስዊንግ ጥንድ ጥንድ ስምንተኛዎችን ወስዶ የሁለተኛዋን ያዘገያል። በስድስት ስንቆጥር የሚዘገዩት 2፣ 4 እና 6 ይሆናሉ፤ 4 ደግሞ ሁለተኛው ትልቅ ምት ነው። እግር የሚወድቅበት ቦታ ሲዘገይ ዘፋኝም ጨፋሪም ይደናቀፋል፣ ምክንያቱ ግን በግሪዱ ላይ አይታይም። ከሌላ ስታይል ኮፒ አድርገው የጀመሩ ከሆነ የቀድሞው ስዊንግ አብሮ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

በኪቦርድ ቁልፍ በቀጥታ መትተው የሚቀዱ ከሆነ ኳንታይዙ (ምቶችን ወደ ቅርቡ የግሪድ መስመር የሚስበው) በ6/8 ላይ 8፣ በ4/4 ላይ 8 ትሪፕሌት ይሁን። በተቃራኒው ከሆነ 3 እና 6 ወደማይገባቸው ቦታ ይሳባሉ፤ ረጅም-አጭሩ ይጠፋል።

ሂውማናይዝ (ምቶችን በጥቂቱ እያዛነፈ የሰው እጅ የሚያስመስለው) ጠቃሚ ነው፤ ግን በቁጥብ። በ480 ቲክና በ180 ቴምፖ አንድ ቲክ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ለሃይሃትና ለጠባቡ ፊት እስከ 8 ቲክ፣ ለክላፕ እስከ 12 ቲክ ይፍቀዱ። አንድ ላይ ያለውን ኪክ አይንኩት፣ ቤዙ የሚደገፈው በእሱ ነው። የጉልበት መለዋወጥ ከጊዜ መለዋወጥ የበለጠ ሕይወት ይሰጣል፤ ስለዚህ ጊዜውን ትንሽ፣ ጉልበቱን ሰፋ አድርገው (ከ6 እስከ 10 ወደ ላይና ወደ ታች) ይልቀቁት።

ከፓተርን ወደ ስታይል

አንድ ፓተርን ብቻ ማጀቢያ አይሆንም። ማጀቢያ ኪቦርዶች ከሜይን ኤ እስከ ሜይን ዲ የሚሉ ክፍሎች፣ ፊል፣ ኢንትሮና ኢንዲንግ ይጠይቃሉ። ከላይ የተሠራውን ሜይን ቢ ያድርጉት። ለሜይን ኤ ከእሱ ላይ ክላፕንና ጠባቡን ፊት ያንሱ፤ ስንኙ የሚሰማው በዚህ ነው። ለሜይን ሲ ሼከር በስድስቱም ቦታ ይጨምሩ፣ 1 እና 4 ላይ 54፣ ሌሎቹ ላይ 38 አካባቢ፤ ክላፑንም 1 እና 4 ላይ ያድርጉ። ሜይን ዲ እስክስታው የሚደምቅበት ነው፦ ታምቡሪን 3 እና 6 ላይ፣ ሁለተኛው ባር 6 ላይ ደግሞ ከተዘጋው ይልቅ ክፍት ሃይሃት። ክፍቱ እስከ ቀጣዩ ባር እንዳይጮህ ክፍቱንና የተዘጋውን በአንድ ሚውት ግሩፕ ያስገቧቸው፤ የተዘጋው ሲመታ ክፍቱን ያፍነዋል።

ከኤ እስከ ዲ የኪኩ ጉልበት አይቀየር። የሚጨምረው የመሣሪያ ብዛት ይሁን። ሁሉንም ድምፅ በአንድ ላይ ማጠንከር ዘፋኙን ይሸፍነዋል፤ የማጀቢያ ሥራ ደግሞ ለዘፋኙ ቦታ መተው ነው።

ለፊል አንድ ባር ይበቃል። ኪኩን 1 እና 4 ላይ እንዳለ ይተዉት። የባሩን የመጀመሪያ ግማሽ ሳይነኩ ከ4 ጀምረው በሦስት ቶም ይውረዱ፦ 50 ቁጥር በ80፣ 47 በ92፣ 43 በ104 ጉልበት፣ 4፣ 5፣ 6 ላይ። ክራሹን በፊሉ መጨረሻ ላይ አያስገቡ፤ ቦታው የሚቀጥለው ክፍል አንድ ላይ ነው። በፊሉ ውስጥ ከገባ ሉፑ ሲታጠፍ ይቆረጣል ወይም ቀድሞ ይጮሃል።

ለመግቢያ ቆጠራ ሳይድ ስቲክ 37 በባር ሁለት ጊዜ፣ 1 እና 4 ላይ፣ ለሁለት ባር። ስድስቱንም ከመቱ ዘፋኙ የትኛው ትልቁ ምት እንደሆነ አይለይም።

ከሃይድሮጅን ሚዲ ፋይል አውጥተው ወደ ማጀቢያው ሲያስገቡ የከበሮው ትራክ ቻናል 10 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ያማሃ ስታይል ውስጥ ቻናል 9 እና 10 ሁለቱም የሪትም ናቸው፤ 11 የቤዝ ነው፣ ከ12 ጀምሮ ያሉት የኮርድ፣ የፓድና የፍሬዝ። ኪክ፣ ሃይሃትና ክላፕን 10 ላይ፣ ከበሮውን 9 ላይ ለይተው ቢያስቀምጡ በመድረክ ላይ ከበሮውን ብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። የእያንዳንዱ መሣሪያ የሚዲ ኖት ቁጥር በሃይድሮጅን ኢንስትሩመንት ኤዲተር ውስጥ ስለሚስተካከል፣ የራስዎን የከበሮ ቅጂ የጨመሩበትን መሣሪያ 62 እና 64 መላኩን አይተው ያውጡ። ቅጂው ራሱ ከሚዲ ፋይሉ ጋር አይሄድም፤ የሚሄደው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ሲበላሽ

ኮርድ ሲቀይሩ የከበሮው ድምፅ አብሮ ከተቀየረ፣ ለምሳሌ ከሲ ወደ ዲ ሲሄዱ ኪኩ ስኔር ከሆነ፣ የከበሮው ትራክ ከኮርዱ ጋር እየተዛወረ ነው። ሁለት ሴሚቶን ሲጨመር 36 ቁጥር 38 ይሆናል፣ 38 ደግሞ ስኔር ነው። ትራኩ ቻናል 9 ወይም 10 ላይ መሆኑንና የኖት ማዛወሪያው ለዚያ ትራክ መዘጋቱን ይመልከቱ። ዘፈኑን ለዘፋኙ ድምፅ ብለው ሙሉ ፋይሉን ሲያወጡና ሲያወርዱም ያው ይደርሳል፤ ከበሮውን ከምርጫው ውስጥ ያስወጡት።

ሉፑ በዞረ ቁጥር አንድ ላይ ድርብ ወይም ከባድ ምት ከሰሙ መጨረሻው ላይ፣ በትክክል 1440 ወይም 2880 ቲክ ላይ፣ የተቀመጠ ኖት አለ። እሱ የቀጣዩ ዙር ዜሮ ነው። ይደምስሱት። በተቃራኒው የመጀመሪያው ኪክ አልፎ አልፎ የሚጠፋ ከሆነ ሂውማናይዝ ከዜሮ ወደ ኋላ ገፍቶት ከባሩ ውጭ ጥሎታል።

አንድ ዙር ደህና ሄዶ ከቤዙ ጋር እየተራራቀ የሚመጣ ፓተርን የርዝመት ችግር አለበት። ከበሮው 1440 ሲሆን ቤዙ 1920 ተቀምጧል፣ ማለትም ቤዙ 4/4 ነው። ቴምፖ በመቀየር አይስተካከልም።

ሲሠሩት ደማቅ የነበረው በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ኪኩ ከጠፋ የኪኩን ጉልበት አይጨምሩ። ትንሿ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ አታወጣም። 1 ላይ ያለውን ሰፊ ፊት ከ100 ወደ 106 ያንሱት፤ የእሱ የመመታት ጠርዝ ኪኩን ይወክለዋል።

ፓተርኑን ቢያንስ ለሦስት ደቂቃ ከቤዝና ከአንድ ኮርድ ጋር ብቻ እያዞሩ ያድምጡት፣ ከዚያ ቴምፖውን በእግር ቁጥር ከ110 እስከ 135 እያወጡና እያወረዱ። ሲፈጥን የሚጨናነቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚነሳው ሼከሩ ነው፣ ቀጥሎ 6 ላይ ያለችው ትንሿ ኪክ። ከበሮው የመጨረሻ ይሁን።

ለጓይላ

የትግርኛ ጓይላ በአምስት ስለሚቆጠር ከላይ ያለውን ፓተርን ቆርጦ መለጠፍ አይሠራም። አዲስ ፓተርን በ5/8 ይክፈቱ፤ በ480 ቲክ አሠራር ባሩ 1200 ነው፣ ቦታዎቹ 0፣ 240፣ 480፣ 720፣ 960። ኪቦርድዎ 5/8 የማይቀበል ሆኖ 5/4 የሚቀበል ከሆነ እያንዳንዱን ስምንተኛ እንደ ሩብ ጽፈው ቴምፖውን እጥፍ ያድርጉ። 4/4 ብቻ ካለው የአምስቱ ፓተርን ከባሩ ጋር የሚገጥመው ከ20 ምት በኋላ ነው፤ ይህም ማለት በአምስት የ4/4 ባሮች ውስጥ አራት ዙር ይጻፋል፣ የኮርድ ለውጡም በዙሩ መጀመሪያ እንጂ በባሩ መጀመሪያ አይሆንም። ጉልበቶቹን ሲሰጡ ቀርጸው ያስቀመጡትን የከበሮ መቺ ቅጂ ከጎን ከፍተው የትኛው ምት በሰፊው፣ የትኛው በጠባቡ ፊት እንደሚወድቅ አንድ በአንድ እያደመጡ ያስቀምጡ፤ ስድስቱን ለምዶ የመጣ እጅ ስድስተኛ ምት የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው።